ከራስጌ የተቆረጠ ታኮ

አባቴ የወንድሜን አልጋ ራስጌ በመጋዝ ሲቆርጥ ያየሁት፣ ወንድሜ ገና በባሕር ላይ ሳለ ነው።

በዚያ ዕድሜዬ ይህ ነገር ከአንድ በላይ ትርጉም አልነበረውም። ሰው ተመልሶ የሚተኛበትን አልጋ የሚያፈርስ፣ ባለአልጋው እንዳይመለስ በልቡ የቆረጠ ነው። ልጅ ያየውን አይስትም፤ የሚስተው ያየው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ባየሁበት መልክ፣ ኋላ የተረዳሁትንም በየቦታው እጽፋለሁ።

ቤታችን ከወደቡ ግቢ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። በፊት ለፊቱ በር ሲወጡ መንገድ፣ በጓሮው በር ሲወጡ አባቴ የሚሠራበት ሞተር ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በዘይት የጠቆረ። የጓሮው በር በቅጡ ስለማይገጥም የቤንዚኑ ሽታ ከእናቴ ሽንኩርት ጋር በአንድ ድስት ይበስል ነበር። ቤንዚን ቤንዚን የማይል ምግብ የቀመስሁት አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም አንድ ነገር የጎደለው መስሎኝ ነበር።

አባቴ የወደቡ የነፍስ አድን ጀልባ መካኒክ ነበር። ጀልባዋ ትልቅ ናት፤ በወገቧ ላይ በእንጨት ክዳን የተሸፈነ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ተሸክማለች። ሞተሩ ሲነሣ የቤታችን ብርጭቆዎች በመደርደሪያቸው ላይ ይንጫጫሉ። አባቴ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። የወደቡ ሰዎች «አቶ ቀስ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ቡሎን ሲያጠብቅ እንኳ ቡሎኑን አስፈቅዶ ይመስል ነበር። «ቶሎ በል እንጂ!» ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ወንድም ዓለም እያልሁ የምጠራው ታላቅ ወንድሜ የአባቴ ልጅ አልነበረም። እናቴ የወለደችው ከመጀመሪያ ባሏ፣ እኔ ሳልወለድ ከሞተው የመርከብ አናጢ ነው። አናጢው ለልጁ ትቶለት የሄደው ርስት አንድ አልጋ ብቻ ነበር። ከፈረሰ የድሮ መርከብ ወለል በወጣ፣ ምስማር አላስገባ በሚል ጥቁር ቡናማ እንጨት ሠርቶታል። የራስጌው ሳንቃ ውፍረቱ ሦስት ጣት ይሆናል፤ በላይኛው ጠርዙ ላይ የተገመደ ገመድ ተቀርጾበት፣ ከግራ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ ቀኝ ማዕዘን ይዘልቃል። የእኔ ትንሽ አልጋ ከዚያው አጠገብ ነበረች። ከመተኛቴ በፊት እጄን ዘርግቼ ገመዱን በጣቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ እከተለዋለሁ። ወንድሜ እየሳቀ፣ «ገመዱን አጥብቀሽ ያዢ፤ እንቅልፍ ውስጥ እንዳትሰጥሚ» ይለኛል።

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ የዓሣ አጥማጆቹን መረብ ትጠግን ነበር። ከሰዓት በኋላ መረቧን እግሯ ላይ ዘርግታ እኛ ደጃፍ ትቀመጥና ከመረቡ ይልቅ የሰው ነገር ትጠግናለች።

«ያልወለዱት ልጅ አባ ቢላቸው አፌን ዳባ ዳባ አለኝ አሉ» ትላለች ወደ ሞተር ቤቱ በአገጯ እያመለከተች።

«ዝም በይ፤ ልጅቷ ትሰማለች» ትላታለች እናቴ።

«ብትሰማስ? ምን ይገባታል?»

እውነቷን ነበር፤ አልገባኝም። ሆኖም ያልገባኝን ነገር አልጥልም ነበር፤ ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ወንድሜ አባቴን «አባ» ብሎ ሲጠራው፣ አባቴ የያዘውን የቡሎን መፍቻ አስቀምጦ ቀና ይል ነበር። ለእኔ የሚመልሰው ሥራውን ሳያቋርጥ ነው። ይህም በዓይኔ ፊት የተደረገ ነገር ነበር፤ ልብ ያልሁት ግን ሁለቱም ከሄዱ በኋላ ነው።

የጀልባዋ ነጂ ሳቁ ከራሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ከውድድር ጀልባ ሰዎች ያገኘውን የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቁራጭ አምጥቶ አባቴ ጠረጴዛ ላይ ዷ አደረገው። ሰፊ መጽሐፍ ያህላል፤ መሃሉን አንድ ትልቅ ቀዳዳ በልቶታል።

«ታኮ አመጣሁላት!» አለ።

መካኒኮቹ ታኮ የሚሉት፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ካርቡራተር ከሞተሩ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠውን ማረፊያ ነው። ከፍታውና የቀዳዳው ቅርጽ የሞተሩን አተነፋፈስ ይለውጠዋል።

«ሴትዮዋ ታኮ ካላደረገች አትሮጥም ያለህ ማን ነው?» አለ አባቴ።

«አንተ ደግሞ! ታኮ ያደረገች ሴት አረማመድ አይተህ አታውቅም?»

«አይቻለሁ። ስትሮጥ ይሰበርባታል።»

ነጂው ሳቀ። ሳቁና ልመናው ተደርበው አሸነፉ። የድሮው ጥቁር ታኮ ከቦታው ሲነሣ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ነጂውም ቁርጥራጩን በመስኮት ወደ ውኃው ወረወረው። ብረቱ ተገጠመ። ለሙከራ ሲወጡ ወንድሜ አንሥቶ ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጠኝ።

ያን ዕለት ጀልባዋ በረረች። ሌላ ቃል የለኝም። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተነሣ፤ ውኃው ከኋላችን ሁለት ነጭ ግድግዳ ሆኖ ቆመ፤ ወንድሜ በወገቤ ይዞኝ እየጮኸ ይስቃል፤ ነጂው ይዘፍናል። አባቴ ብቻ ጭንቅላቱን በሞተሩ ክዳን ሥር ቀብሮ ነበር። ወደ መቆሚያው ደርሰን ነጂው ፍጥነቷን ሲቀንስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ዝም አለ። ቢያስነሣው፣ ቢያስነሣው እምቢ። ነፋሱ እየገፋ ወደ ግንቡ ወሰደን፤ የወደቡ ሰዎች በረጃጅም እንጨት እየደገፉ አዳኑን፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም የነጂው ቀልድ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ።

አባቴ ብረቱን በጣቱ ነካና እጁን ሰብሰብ አደረገ።

«ቤንዚኑ ፈላ» አለ። እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያ ታየኝ።

«ይፍላ! አበራረሯን አላየህም?»

«ስትሮጥ ደህና ናት። ቀስ ስትል የሞተሩ ሙቀት በብረቱ እየወጣ ቤንዚኑን ያፈላዋል። አፉም አንድ ሰፊ ነው፤ በዝግታ ጊዜ ትንፋሿ ይበተናል።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ለመሄድ ሞተር አለን። ለመመለስ የለንም።»

«እና ምን ይሻላል?»

«እንጨት ሙቀት አያሳልፍም። ባለ አራት ቀዳዳ እሠራላታለሁ፤ ደረቅ እንጨት ካገኘሁ።»

«እሺ ሥራ። እስከዚያው ግን ተወኝ፣ ትንሽ ልብረር።»

ደረቅ እንጨት ግን አልተገኘም። በግቢው የነበረው ሳንቃ ሁሉ ለስላሳና እርጥብ ነበር፤ ቤንዚን የሚጠጣ፣ ሲሞቅ የሚሰነጠቅ። አባቴ አንዱን እያነሣ በጥፍሩ ይጫንና መልሶ ይጥለዋል። ከዚያ ሁሉ ንግግር በእኔ ልብ የቀረው ይህ ብቻ ነበር፤ የሚያብረቀርቀው ብረት ጀልባዋን ያበርራል፤ አባቴ ደግሞ በእንጨት ሊለውጠው ይፈልጋል።

ወንድሜ ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅና ከሁለት ልጆቹ ጋር በአንዲት አሮጌ ጀልባ ይሠራ ነበር። አልጋው በተቆረጠባት ቀን ጠዋት ቡትስ ጫማውን አጥልቆ ደጅ ወጣ፤ ሰማዩን አየ፤ ተመልሶም ቡትሱን አወለቀ።

«ዛሬ ከአባ ጋር ሞተር ቤት ልዋል» አለ።

እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «ምነው? ሌሎቹ ሲወጡ አንተ ምን ሆነህ?»

«ሰማዩ አላማረኝም።»

«ሰማይ አምሮለት የሠራ ማን አለ? ተነሥ! የሰው እጅ እያየህ አትኑር። ነገ አንዲት ቃል ብትወጣ የምሰማት እኔ ነኝ።»

እኔ የአባቴን እጅ አየሁ። በጓሮው በር ላይ ቆሞ ጥፍሩ ሥር ያለውን ቅባት በስንጥር እያወጣ ነበር። ወንድሜ ያንን እጅ ቢያይ ምን ክፋት እንዳለው ሊገባኝ አልቻለም።

«ይዋል እንጂ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«አንተ አትግባበት!» አለችው። ቁጣዋ በእርሱ ላይ አልነበረም፤ ዛሬ ይገባኛል። የእህቷን ምላስ፣ የጎረቤቱን ዓይን፣ «የእንጀራ አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ» የሚለውን ሐሜት ነበር የምትቆጣው። ልጇ በሰው ፊት ቀና ብሎ እንዲሄድ ፈልጋ ነበር።

ወንድሜ ቡትሱን መልሶ አጠለቀ። ሲወጣ ራሴን ዳበስ አድርጎ፣ «ገመዱን ያዢልኝ» አለኝ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ቆርቆሮውን ይገለብጥ ጀመር። ከዚያም የወደቡ ደወል ተደወለ። ደወሉ በድንገት ሲጀምር ሴቶች ሁሉ ባሉበት ይቆማሉ፤ እናቴም ማንኪያዋን ይዛ ቆመች። አንድ ሰው ከማማው እየሮጠ መጣ። የሽማግሌው ጀልባ ከወደቡ አፍ ማዶ ካሉት ድንጋዮች ላይ ተሰክታለች አለ። እናቴ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወደ መቆሚያው ሮጠች። ሰው ሁሉ ሮጠ። እኔ ወደ አባቴ ሮጥሁ።

አባቴ በሞተር ቤቱ መካከል ቆሞ ነበር። አልሮጠም። ግድግዳውን፣ ጥጉን፣ የተደገፉትን ሳንቃዎች አንድ በአንድ በዓይኑ ይፈትሻል። ከዚያ ዓይኑ በጓሮው በር አልፎ ወደ ቤታችን ውስጥ ገባ፤ መጋዙን ከግድግዳ አወረደ፤ በእኔ ላይ ተራምዶ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም፤ ወደ መኝታ ክፍላችን ገባ።

የወንድሜን ብርድ ልብስ ወደ ግርጌ ገፋው። አንድ ጉልበቱን ፍራሹ ላይ ተከለና የራስጌውን ቀኝ ማዕዘን በመጋዝ ያዘው።

«አባባ፣ ምን ታደርጋለህ?»

አልመለሰልኝም። እንጨቱ ጮኸ። ዱቄቱ ትራሱ ላይ ወረደ፤ አሮጌ ሬንጅና ጨው ሸተተ። ገመዱን፣ ያንን በየቀኑ የምከተለውን ገመድ፣ የመጋዙ ጥርስ ሲያልፍበት አየሁ።

እናቴ ከኋላዬ ገባች። ልታስቸኩለው ኖሯል የተመለሰችው። ሻሿ አንገቷ ላይ ወድቋል።

«ልጄ ባሕር ላይ ነው! አንተ ምን ትቆርጣለህ?»

«እንጨት።»

«የሱን አልጋ? የአባቱን?» ክንዱን በሁለት እጇ ያዘች። «አንተ ሰው! በሞተ ሰው ትቀናለህ? ሞቶም አልተውኸው?»

«ልቀቂኝ። ጊዜ የለኝም» አለ።

ጊዜ እንደሌለው እየተናገረ እንጨት ይቆርጥ ነበር። ለእኔ ከዚያ ወዲያ ማስረጃ አላስፈለገኝም። በሣጥኔ ያኖርሁት የአክስቴ ቃል ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተከፈተ፤ አልወለደውም፤ አይፈልገውም፤ እንዲመለስም አልጋ አይተውለትም።

ቁራጩን ይዞ ወጣ። በሞርሳ አሰረው፤ ፊቱንና ጀርባውን በመላጊያ ገፋ፤ ብረቱን ታኮ እላዩ ላይ አኑሮ የቡሎኖቹን ቦታ በምስማር ጫረ፤ ከዚያም አራት ክብ ቀዳዳ መሰርሰር ጀመረ። ጭስ ወጣ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ በእንጨቱ ላይ ይንጠባጠባል። ነጂው በሩን በርግዶ ገባ፤ ሳቁ የለም።

«አቶ ቀስ! የሰው ነፍስ ነው እኮ! ውጣ!»

«በዚያ ብረት ከሄድን ድንጋዮቹ ሥር ትሞትብናለች።»

«በሩጫ እደርሳለሁ እያልሁህ!»

«ደርሰህስ?»

ነጂው ካቻቢቴና መፍቻ አንሥቶ ብረቱ የነበረበትን ቦታ ሊያጸዳ ወደ ጀልባዋ ሮጠ። ነጂው እሺ እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሆኖም ልጅ የሚጠላውን ሰው አንዴ ከመረጠ በኋላ ሌላ ምስክር አይቀበልም።

ዛሬ ያንን ሥራ ለሚያውቁ ሰዎች ስነግራቸው አያምኑኝም። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነው ይላሉ። አባቴ በመጋጠሚያው መካከል የሚገቡ ሁለት ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን በመቀስ ቆርጦ፣ እንጨቱን አለስልሶ ከሞተር ቤቱ የወጣው ምናልባት አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። ለእኔ ግን ዘላለም ነበር። ለእርሷም።

መቆሚያው ላይ ሕዝቡ በሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠው፤ እንደ ክብር ሳይሆን እንደ እርም። አክስቴ ከመካከል፣ «የወለደ ቢሆን ይሄኔ ዋኝቶ ደርሶ ነበር!» ብላ ጮኸች። ማንም ዝም በይ አላላትም። አባቴ በክዳኑ ሥር ጎንበስ አለ። የእንጨቱ ቁመት ከብረቱ ጋር ስለ ተካከለ የድሮዎቹ ቡሎኖች በቁት። ዳዶዎቹን አንዱን ትንሽ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ እያለ አጠበቀ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እኔ እየቆጠረ መሰለኝ። ያ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ያበረረን ብረት፣ መቆሚያው ላይ ወድቆ ዝናብ ይመታዋል። በሩጫ ቀን ፈረሱን የሚያነክስ ሰው ያየሁ መሰለኝ።

ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ወፍራምና የረጋ ነበር። አባቴ ዘሎ ገባ፤ ነጂው መሪውን ያዘ። ጀልባዋ አልበረረችም፤ እንደ በሬ አንገቷን ደፍታ ሞገዱን እየገፋች ወጣች።

እናቴ የጀልባ ገመድ በሚታሰርበት የብረት ግንድ አጠገብ ቆማ ቀረች። አላለቀሰችም። የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ነበር። «ቤት ግቢ» አለችኝ ሳትዞር። ገባሁ፤ ወንድሜ አንድ ነገር አደራ ብሎኝ ነበርና። አልጋው ላይ ወጥቼ ከግራ ማዕዘን ጀምሬ ገመዱን በጣቴ ተከተልሁ። ሄድሁ፣ ሄድሁና ጣቴ ወደቀች። እንጨቱ ያለቀሰ መስሎኝ የተቆረጠውን ቦታ በመዳፌ ጠረግሁት፤ ዱቄት ብቻ ነበር። ከዚያ የተረፈውን ገመድ በሁለት እጄ ያዝሁ። እጄ እስኪደነዝዝ ያዝሁ። ብለቀው እንደሚሰጥም አውቅ ነበር።

የሞተሩን ድምፅ እንደገና ስሰማ ነው የለቀቅሁት።

መቆሚያው ላይ ስደርስ ሽማግሌው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወጣ። አንደኛው ልጁ ወጣ። ሁለተኛው በሰው ጀርባ ወጣ። እናቴ የእያንዳንዳቸውን ፊት ገልጣ አየች፤ ከዚያም ወደ ጀልባዋ ጎንበስ ብላ ባዶ ወለሉን አየች።

«ሌላውስ?» አለች።

አባቴ የመጨረሻው ሆኖ ወረደ። ከራሱ እስከ እግሩ ውኃ ነው። «አላገኘነውም» አለ። ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

ሽማግሌው ወደ እናቴ ተራመደና፣ «እኅቴ፣ ልጁ እኮ...» ብሎ ጀመረ። አባቴ እጁን በትከሻው ላይ አኖረ። ሽማግሌው አባቴን አየው፤ ዝምም አለ። እኔ ይህንንም አየሁ፤ አፉን አስያዘው ብዬም ተረዳሁት።

እናቴ አልጮኸችም። «በመጋዝ ቆረጥኸው» አለች። «ልጄን በመጋዝ ቆረጥኸው።»

አባቴ ራሱን ደፋ እንጂ አልመለሰም። በዚያች ቀን ዝምታ ሁሉ ለእኔ ጥፋትን የማመን ቃል ነበር።

ባሕሩ ወንድሜን አልመለሰልንም። እናቴ አልጋውን ከቤት አላወጣችም፤ አላስጠገነችም፤ አባቴ ሲበላ ፊት ለፊቱ እንዲታየው የክፍሉን በር ክፍት ትተወዋለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ።

«ምግቡ ቀርቧል በዪው።»

«እሺ በያት።»

በመካከላቸው አንድ ክንድ እንኳ አልነበረም። እኔም መልእክቱን ከአንዱ ወደ ሌላው አደርሳለሁ። አዳሪ ትምህርት ቤት ስገባ መልእክተኛ አጡ፤ ስለዚህ ዝም አሉ። አባቴ ሞተር ቤቱን ሳይለቅ አረጀ፤ ደረቱን ታምሞ ሞተ። እናቴ በቀብሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ከእርሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ፣ በዚያው ቤት፣ በሩ ክፍት በሆነው ክፍል አጠገብ ሞተች።

ከእርሷ ቀብር በኋላ ነጂው ወደ ቤት መጣ። ጥርሱ አልቋል፤ ሳቁም አብሮት። ቅባት በጠገበ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«እናትሽ በሕይወት እስካለች ድረስ እንዳልናገር አባትሽ አስምሎኝ ነበር» አለኝ። «አሁን ነፃ ወጣሁ። ወንድምሽ የሞተው በመጀመሪያው ሞገድ ነው፤ ጀልባዋ ድንጋዩን እንደ መታች።»

«መቼ?»

«ደወሉ ሳይደወል። ሽማግሌው ገና ከድንጋዩ ላይ ስናነሣው ነገረን። በክንፍ ብንሄድም አንደርስለትም ነበር።»

ጉልበቱ ላይ ያለውን ጥቅል አየሁ።

«አባትሽ ግን አላመነም» አለ ነጂው። «ሰዎቹን አንድ በአንድ ከድንጋዩ ላይ ለቀምናቸው፤ ሞገዱ እያነሣ እያፈረጠን፣ በእግረኛ ፍጥነት። ሴትዮዋ አንዴ እንኳ አላሳለችም። በእኔ ብረት ቢሆን ኖሮ እዚያው ቀርተን ነበር፤ እኔም፣ እርሱም፣ ሦስቱም። ከዚያ መመለስ ሲገባን ‹ዙር› አለኝ። ዞርሁ። ‹ደግሞ ዙር።› ልጄ፣ አባትሽ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔ ያን ቀን ሰማሁ። ‹ልጄ! ልጄ!› እያለ ድንጋዮቹን ይጣራ ነበር። ድምፁ እስኪዘጋ።»

መቆሚያው ላይ የሰማሁት የተዘጋ ድምፅ ትዝ አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገራትም?» አልሁ። «አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።»

«እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው። ስንመለስ፣ ‹ባንዘገይም አንደርስለትም ነበር በላት፤ ይቅር ትልሃለች› አልሁት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጠዋት ልዋል ሲል ሂድ ያለችው እርሷ ናት። የዘገየሁት እኔ ካልሆንሁ፣ ዞራ የምታየው ራሷን ነው። ያንን አትችለውም። ጥፋተኛ ካስፈለጋት እኔ አለሁላት።›»

ደጅ ላይ ሰዎች ወንበር ይሰበስቡ ነበር። ነጂው ጨርቁን ፈታው። ያቺ ጀልባ ስትፈርስ ለይቶ ያወጣው እንጨት ነው፤ በቤንዚንና በሙቀት ጠቁሮ ከሰል መስሏል፤ አራቱ ቀዳዳዎች ግን ጠርዛቸው አልተነካም፤ አንድም ስንጥቅ የለበትም።

«ሌላ ታኮ አላስገጠመም፤ እስኪሞት» አለ። «ያን ቀን ዳዶውን ሲያጠብቅ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይተሽ ከሆነ፣ እኔ አጠገቡ ነበርሁ። ‹አባቱም አብሮን ይሂድ› ነው ያለው።»

ሁሉም ከሄደ በኋላ ወደዚያ ክፍል ገባሁ። እንጨቱን በራስጌው ቀኝ ማዕዘን፣ በጎደለው ቦታ አስቀመጥሁት። መላጊያ ስለ በላው ሳስቷል፤ ቀለሙም ከተረፈው ራስጌ ጋር አይመሳሰልም። አባቴ ግን የላይኛውን ጠርዝ አልነካውም ነበር፤ ገመዱ ጥላሸት ለብሶ እንደ ተገመደ ነው። ጣቴን ከግራ ማዕዘን አንሥቼ ነዳሁ። ገመዱ ወደ ገመዱ ሄደ፤ በመካከላቸው ግን የመጋዙ ጥርስ የበላው ያህል ክፍተት አለ። ጣቴ እዚያ ስትደርስ ትወድቅና ደግሞ ትነሣለች።

አናጢ ብጠራ በሙጫና በእንጨት ዱቄት ይደፍንልኝ ነበር። አልጠራሁም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ግማሹን በቀኝ ግማሹን በግራ እጄ አድርጌ፣ ገመዱን ይዤ አመሸሁ።